የሄምፕ አበባ ኪዩሪንግና ማከማቻ፦ ጠርሙስ፣ ባልዲ ወይስ ከረጢት?

አረንጓዴ ማሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በፈቃድ የተዘራ ሄምፕ ነው፤ አስካሪው ቲ.ኤች.ሲ በጣም ያነሰበት የካናቢስ ዓይነት ማለት ነው። አበባው ጨለማ ክፍል ውስጥ በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ቀን ተሰቅሎ ደርቋል። ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሲታጠፍ ቀሽ ብሎ ይሰበራል፤ ወፍራሙ ግንድ ግን ገና ይለመጣል። ተከርክሞ ሲያልቅ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

አሁን የቸገረኝ የዕቃው ምርጫ ነው። ያሉት አማራጮች ባለ 1 ሊትር አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ባለ 20 ሊትር የምግብ ባልዲ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ ከረጢትና ክዳኑ በጎማ የሚገጥም የስቴንለስ ስቲል ዕቃ ናቸው። ኪዩሪንግ (የደረቀውን አበባ በተዘጋ ዕቃ እያናፈሱ ቀስ ብሎ እንዲበስል ማድረግ) የተደረገበት ዕቃ ለዓመት ማከማቻም ይሆናል? እርጥበት የሚያስተካክለው ትንሽ ከረጢትስ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ? ለዘር የተለየ 200 ግራም ፍሬም አለ፤ ከአበባው ጋር ይቀመጥ ይሆን?

ጥላ ሥር

ወንድሜ፣ ሁለት የተለያየ ሥራ ለአንድ ዕቃ አትስጥ። ኪዩሪንግ ላይ ዕቃው በቀላሉ መከፈት፣ ውስጡ መታየትና ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ማከማቻ ላይ ደግሞ በተቃራኒው፦ እስከ አፉ ይሞላል፣ ብርሃን አያገኘውም፣ ያለ ምክንያት አይከፈትም። ብዙ አበባ የሚበላሸው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

ለኪዩሪንግ ጠርሙስ ውሰድ። መስታወት ሽታ አይመጥጥም፣ አየር አያሳልፍም፣ ታጥቦ እንደ አዲስ ይሆናል። ባለ 1 ሊትሩ ሳይጨፈለቅ ከ25 እስከ 30 ግራም ስለሚይዝ ላንተ ከ60 በላይ ሊያስፈልግህ ነው። ያንን ሁሉ በየቀኑ መክፈትና መዝጋት ያሰለቻል፣ ሲሰለችህ ደግሞ መዝለል ትጀምራለህ። ባለ 4 ሊትር ካገኘህ እያንዳንዱ 110 ግራም ገደማ ይይዛልና 17 ይበቃሃል። እኔ ብመርጥ ይኸኛውን ነው።

ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙላ። ጠርሙሱን ጋደም አድርገህ ስታንከባልለው አበባው አንድ በአንድ እየተለያየ መውደቅ አለበት። ተጣብቆ እንደ ጉብታ አንድ ላይ ከተንሸራተተ ገና እርጥብ ነው፣ አትዝጋው።

ወፍራሙ ግንድ ይለመጣል ያልከው ትልቅ ምልክት ነው። የአበባው ውጪው ደርቆ እምብርቱ ውኃ ይዟል ማለት ነው። ስትዘጋው ያ ውኃ ወደ ውጪ ይወጣና ጠዋት ኮሽ ይል የነበረው አበባ ማታ ልስልስ ብሎ ታገኘዋለህ። ስለዚህ በእጅ ስሜት ብቻ አትመን፤ በየጠርሙሱ ወይም ቢያንስ ከአራቱ በአንዱ ትንሽ ዲጂታል እርጥበት መለኪያ አስገባ። ቁጥሩንም ከዘጋህ ከ24 ሰዓት በኋላ አንብብ። ከዚያ በፊት የምታነበው የክፍሉን አየር ነው።

ከ70 በመቶ በላይ ካሳየህ ክዳን ከፍቶ መተው አይበቃም። ሁሉንም አውጥተህ በወንፊት ወይም በንጹሕ ወረቀት ላይ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አስጣው፣ ከዚያ መልሰው። ከ65 እስከ 70 ከሆነ ክዳኑን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ከፍተህ ተው። ከ60 እስከ 65 ላይ ሲደርስ በቀን አንዴ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መክፈት ይበቃዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ በየ2 ወይም 3 ቀኑ፣ ከወር በኋላ በሳምንት አንዴ። ቁጥሩ ከ58 እስከ 62 መካከል ሳይንቀሳቀስ ብዙ ቀን ከቆየ ወደ ማከማቻ ይሂድ። ለደረቀ የካናቢስ አበባ የወጣው የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. (ዓለም አቀፍ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ደረጃም የውኃ እንቅስቃሴን ከ0.55 እስከ 0.65 ነው የሚያስቀምጠው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይህ ከ55 እስከ 65 በመቶ እርጥበት ማለት ነው።

ክዳን ስትከፍት አፍንጫህን ተጠቀም። የድርቆሽ ሽታ በመጀመሪያው ሳምንት ቢኖር አይደንግጥህ፣ እየቆየ ይለቃል። አሞኒያ የሚሸት ከሆነ ግን አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል፤ በዚያው ሰዓት አውጥተህ አስጣ። ነጭ ጥጥ የሚመስል ሻጋታ ያየህበትን ጠርሙስ ለማዳን አትሞክር፣ ሙሉውን አስወግድ።

ላስቲክ ከረጢቱን ለዚህ ሥራ እርሳው። ስስ ላስቲክ ኦክስጅን ያሳልፋል፣ ሽታ የሚሰጡትን ዘይቶች ይመጥጣል። ከውጪ ሆነህ አበባው ከሸተተህ፣ እየጠፋ ያለው ያው የምትፈልገው ነገር ነው። በዚያ ላይ ስታቲክ ኤሌክትሪኩ ትራይኮሙን፣ ማለትም ሙጫ የያዘውን የአበባውን ጥቃቅን ጠጉር፣ ይስባል፤ ከረጢቱን ባዶ አድርገህ ወደ ብርሃን ብታዞረው ውስጡ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ብናኝ ታያለህ።

ሚዛን

ጥላ ሥር ስለ እርጥበቱ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ባልዲውን ግን ሙሉ በሙሉ መጣል የለብንም። ለ1.8 ኪሎ አራት ባልዲ ይበቃል፣ እያንዳንዱ 450 ግራም ገደማ ይዞ። ከሥሩ ቁጥር 2 የተጻፈበት፣ ለምግብ የተሠራ፣ ክዳኑ በጥርስ እየተሽከረከረ የሚገጥምና ውስጡ ጎማ ያለው መሆን አለበት። ተመትቶ የሚዘጋው ተራ ክዳን በየቀኑ ሲከፈት ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አየር ማስገባቱን አታውቁትም።

የባልዲ ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ላዩ 61 እያሳየ ሥሩ 68 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሐል ተቀብሮ። በየቀኑም አበባው ወደ ንጹሕ ትሪ ተገልብጦ፣ ከላይ የነበረው ከሥር እንዲሆን ተደርጎ ይመለሳል። ይህን የማያደርግ ሰው ባልዲ አይጠቀም። ሻጋታ ቢገባ የሚጠፋው 110 ግራም ሳይሆን የምርቱ ሩብ ነውና። ደግሞ ለኪዩሪንጉ ሳምንታት እንጂ ለዓመት አይሁን፤ ወፍራም ቢሆንም ፕላስቲክ ነው፣ ሽታ ይመጥጣል።

መለኪያውን ሳትፈትሹ አትመኑት። ረከስ ያለው መለኪያ 5 ነጥብ ቢስት አይገርምም፣ በ60 እና በ65 መካከል ደግሞ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በጠርሙስ ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውኃ ብቻ ጨምሩ፤ ጨው ሟሙቶ ካለቀ ውኃው በዝቷል። ቆርኪውንና መለኪያውን አንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዝጉ። 75 ማሳየት አለበት። 72 ካሳየ በጀርባው ላይ «+3» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከዚያ ወዲያ ሁሌም 3 እየደመራችሁ አንብቡ።

አረንጓዴ ማሳ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ባለ 4 ሊትሩን ወስጃለሁ። ክዳኑስ? አንደኛው ዓይነት በሽቦ የሚቆለፍና ጎማ ያለው ነው፣ ሌላው ቆርቆሮ ክዳን በጥርስ የሚገጥም። ቡናማ ጠርሙስስ ከግልጹ ይሻላል? ስለ እርጥበት ከረጢቱም አልመለሳችሁልኝም።

ጥላ ሥር

ሁለቱም ክዳን ይሠራል፤ ልዩነቱ ጎማው ላይ ነው። በሽቦ የሚቆለፈው ጎማው በዓመታት ይደርቃል፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ካየህ ቀይረው። አዲስ ጎማ የራሱ ሽታ አለው፤ 10 ደቂቃ አፍልተህ ሙሉ በሙሉ አድርቀውና ጥቂት ቀን ነፋስ ይምታው። ሲሊኮን ለኪዩሪንጉ ጊዜ ምንም አይልም፤ ለዓመት ግን አይመከርም፣ ጋዝ ከሌላው ጎማ ይበልጥ ያሳልፋል፣ ሽታም ይይዛል። የቆርቆሮው ክዳን ውስጠኛ ቅቡ ካልተጫረና ካልዛገ ጥሩ ነው። ቀድሞ ቅመም ወይም አቻር የነበረበት ከሆነ መስታወቱ ታጥቦ ይጠራል፤ ክዳኑን ግን በሌላ ተካው፣ ያ ሽታ አይለቅም።

የክዳኑን ጥብቀት እንዲህ ፈትሽ፦ ባዶ ጠርሙሱ ውስጥ ደረቅ ሶፍት አድርገህ ዝጋ፣ ከዚያ ክዳኑን ወደ ታች አድርገህ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያዘው። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክዳኑ ከሾለከ በጠርዙ በኩል ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። የፈላ ውኃ አትጠቀም፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ስለ ብርሃን፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ፌርቤርንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ካናቢኖይዶችን (እንደ ቲ.ኤች.ሲ ያሉትን የተክሉን ንጥረ ነገሮች) ከሁሉ የበለጠ የሚያጠፋው ብርሃን ሆኖ ተገኝቷል፤ በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ በጨለማ የተቀመጠ ደረቅ ተክል ግን በክፍል ሙቀት እስከ 1 ወይም 2 ዓመት ብዙ ሳይለወጥ ቆይቷል። ይህ ማለት ግን ቡናማ ጠርሙስ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ግልጽ ጠርሙስ ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ከመደርደሪያ ላይ ቡናማ ጠርሙስ ይሻላል። ለኪዩሪንግ እንዲያውም ግልጹ ይመረጣል፤ ግድግዳው ላይ ጤዛ መያዙን፣ ሻጋታ መጀመሩን ሳትከፍት ታየዋለህ።

እርጥበት አስተካካይ ከረጢቱን አሁን አታስገባ። ሥራው የተረጋጋውን መጠበቅ እንጂ እርጥብ አበባ ማድረቅ አይደለም፤ ብዙ ውኃ ካገኘ ጠጥቶ ይወፍርና ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ቁጥሩ ሲረጋጋ ለ28 ግራም አበባ ባለ 8 ግራሙን አንድ አድርግ፤ ለባለ 4 ሊትሩ አራት መሆኑ ነው። 58 በመቶ እና 62 በመቶ የሚሉትን ከረጢቶች በአንድ ዕቃ አትቀላቅል፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስድበታል። ከረጢቱ ጠርዙ ድረስ ድርቅ ካለ አልቋል። ምናልባት አበባው ከመጠን በላይ ደርቆ ከ55 በታች ከወረደ ብርቱካን ልጣጭ የሚያስገቡ አሉ፤ በምንም ምክንያት አታድርገው። ልጣጩ ራሱ ሻጋታ ይዞ ይገባል፣ የነካውን አበባ ብቻ ያረጥባል። በዚያ ጊዜ ባለ 58ቱን አስገብተህ ጥቂት ቀን ሳትከፍት ተው።

ሚዛን

በማከማቻው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኪዩሪንግ ሲያልቅ አበባውን ወደ ጥቂት ጠርሙስ ሰብስቡት፣ ሳትጨፈልቁ እስከ አፉ ሙሉ። ባዶ ቦታ ማለት ኦክስጅን ነው። ከዚያ የተዘጋውን ጠርሙስ እስከ 0.1 ግራም በሚያነብ ሚዛን መዝናችሁ ክብደቱንና ቀኑን ክዳኑ ላይ ጻፉ። በየወሩ ሳትከፍቱ ድገሙት። በመስታወት በኩል የሚወጣ ነገር የለምና ክብደቱ ከቀነሰ የሾለከው ክዳኑ ነው። 1,412.6 የነበረው 1,411.4 ከሆነ 1.2 ግራም ውኃና ሽታ ሄዷል፤ ጎማውን ቀይሩ። ለማወቅ ብሎ በየሳምንቱ ከመክፈት ይህ እጅግ ይሻላል።

ስቴንለስ ስቲሉም እዚህ ላይ ነው ቦታው። ብርሃን ፈጽሞ አያስገባም፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ውስጡ ስለማይታይ ግን ያልተረጋጋ አበባ አይግባበት። ብረት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከውጪ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ በቀዘቀዘው ጎን በኩል ከውስጥ እርጥበት ይሰበሰባል።

በአሉሚኒየም የተለበጠ ወፍራም ከረጢት በሙቀት ከታሸገ ለረጅም ጊዜ ጥሩ ነው፣ ግን በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። አየሩን በማሽን መምጠጥ አበባውን ይጨፈልቃል፤ ትራይኮሙ ተሰብሮ ከረጢቱ ላይ ይቀራል።

ቦታው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ። ሙቀት ሲበዛ ቀድመው የሚሄዱት ቀላሎቹ የሽታ ዘይቶች ናቸው፣ ሚርሲንና ሊሞኒን፤ ካርዮፊሊን ይቆያል። ያረጀ አበባ ሽታው ሁሉ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚለው ለዚህ ነው። ጥሩ ዕቃም ቢሆን ጊዜን አያቆምም፤ ተመራማሪዎቹ ሮስና ኤልሶህሊ በክፍል ሙቀት ባስቀመጡት ካናቢስ ላይ ቲ.ኤች.ሲው በመጀመሪያው ዓመት 16.6 በመቶ፣ በአራት ዓመት 41.4 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል።

ዘር ጠባቂ

ፍሬውን ማንም አላነሳውም። ወንድሜ፣ ከአበባው ጋር በፍጹም አታስቀምጠው። ለአበባ ተስማሚ የሆነው 60 በመቶ የአየር እርጥበት ለዘር ብዙ ነው፤ ዘሩ እየተነፈሰ ስንቁን ይጨርሳል። የዘሩ የራሱ እርጥበት፣ ማለትም ከክብደቱ ውኃ የሆነው፣ ወደ 8 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ አለበት። በዘር ተመራማሪው በሃሪንግተን ስሌት ከ5 እስከ 14 በመቶ ባለው ክልል የዘሩ እርጥበት 1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል።

200 ግራሙን በስስ ጨርቅ ከረጢት አድርገህ ከ200 ግራም ደረቅ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ጠጠር) ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ዝጋ። ቀለም የሚቀይረው ጄል ይሻላል፣ መጥገቡን ስለሚነግርህ። በምድጃ ወይም በፀሐይ አታድርቀው፤ ሙቀቱ ፅንሱን ይገድለዋል። ሲደርቅ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች ከፋፍለህ ሙላና ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። መከፋፈሉ አንዱን ስትከፍት ሌሎቹ እንዳይነኩ ነው። ስታወጣም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍት አቆየው፣ ለትንሽ ጠርሙስ ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ቀዝቅዞ ሳለ ከተከፈተ ጤዛው በቀጥታ ዘሩ ላይ ይወርዳል።