ጅቡቲን ለአራተኛ ክፍል ልጆች ከየት ጀምሬ ላስተምር?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለ ጎረቤት አገሮች የምናስተምርበት ጊዜ ደርሷል፤ እኔም ጅቡቲ ላይ ተቸግሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ዋና ከተማዋን፣ ስፋቷንና ነጻ የወጣችበትን ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስጠናኋቸው፤ ፈተናውን ደኅና ቢሠሩም ከወር በኋላ ጅቡቲ ምን እንደሆነች ስጠይቃቸው አንዱ ልጅ «አባቴ ዕቃ የሚጭንበት ግቢ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ልጁ የሚያውቀውን ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ከዚያ ግቢ አላሻገርሁትም። ተሳቢ መኪና ሲያልፍ እያዩ ለሚያድጉ ልጆች ይህችን ትንሽ አገር ሰው የሚኖርባት፣ ታሪክ ያላት አድርጌ ለማሳየት ከምን ብነሣ ይሻላል? ያለኝ መሣሪያ ጫፉ የተቀደደ አንድ ካርታ ብቻ ነው።

መልስ 1፦ ጡረተኛ የመልክዓ ምድር መምህር፣ ከደሴ

መምህርት፣ ከቦርከና ይጀምሩ። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ይህ ወንዝ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና ውሃው ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም በአፋር በረሃ አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ልጆቹ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል የሚያዩት ውሃ የሚጓዘው ወደዚያች አገር ደጃፍ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ካርታው ላይ ጅቡቲን ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ያገኟታል።

ከፍታውን ለማስረዳት እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ልጆቹን ከክፍል አውጥቼ መሬቱ የባሕር ወለል እንደሆነ እነግራቸውና በግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር እየቆጠርሁ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከአዋቂ ሰው ቁመት አጠገብ ትውላለች፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ ወንበር ላይ ቆሜ ነው የማሰምራት። የጅቡቲ ከፍተኛው ተራራ ሙሳ ዓሊ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ ከደሴ በታች ይቀራል። ልጆቹ እዚህ ላይ ነው የሚደነቁት፤ የሰፈራቸው ከተማ ደሴ ከአንድ አገር ረጅም ተራራ በላይ መሆኗን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። በመጨረሻም መሬቱን ስንዝር የማይሞላ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍራቸዋለሁ፤ ያ አሳል ሐይቅ ነው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ሳይቀሩ ስለሚሳሳቱ ዳሎል አካባቢ ካለው ከእኛው አሳሌ ጋር እንዳይምታታባቸው ያሳስቧቸው።

መልስ 2፦ ሾፌር፣ ከባቲ

ልጄ፣ የወንዙ ነገር መልካም ነው፤ ሆኖም መንገዱንም አይርሱት። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ በባቲ ቁልቁል ስወርድ፣ ሚሌን፣ ሰመራንና ዲቾቶን አልፌ ጋላፊ ድንበር ላይ ስደርስ ወገኔ ከኋላዬ የቀረ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሰኞ ገበያ ባቲ ላይ የምሰማው አፋርኛ እዚያም በዮቦኪና በዲኪል ይነገራል። የሥራ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይሁን እንጂ ሰዉ በቤቱ የሚናገረው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ከባቲ የመጣ ተማሪ ካለ አፋርኛ ሰላምታ ለክፍሉ እንዲያስተምር ያድርጉት።

ሾፌር አባት ያላቸው ልጆች ደግሞ ግመሎች የተቀረጹበትን የ100 ፍራንክ ሳንቲም ማምጣት ይችላሉ። አንዱ ልጅ ሳንቲሙን ለጓደኞቹ ሲያዞር የራሱ ገንዘብ ያለው አገር መሆኑን ያለ ማብራሪያ ያያሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጅቡቲን «የእኛ ወደብ» እያሉ አያስተምሯቸው። እኛ እዚያ የምንደርሰው ሰዎቹ ተቀብለውን ነው።

መልስ 3፦ የታሪክ መምህርት፣ ከወልዲያ

በጋሼ አደራ እስማማለሁ፤ እንዲያውም የታሪኩ ትምህርት ከባቡሩ መነሣት የለበትም የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከባቡር ከተነሡ ልጆቹ አገሪቱ ለእኛ ዕቃ ማመላለሻ የተፈጠረች ይመስላቸዋል። አስቀድሞ የታጁራ ሱልጣኔት ነበር፤ የጨው ቅፍለትም ከአሳል ወደ መሃል አገር ይወጣ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በስምምነት ያዙ፤ የሱዌዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላም ለመርከቦቻቸው የድንጋይ ከሰል መሙያ ስለፈለጉ ስፍራውን አጠናከሩት። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ጅቡቲ ከተማ የገነነችውም በዚህ ነው። ነጻነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ የአንዳንዶቹ ልጆች አያቶች ይህን ቀን በሬዲዮ ሰምተውት ሊሆን ስለሚችል ቤት ሄደው እንዲጠይቁ ቢያዟቸው መልካም ነው።

ሰንደቅ ዓላማውን ማሣል ይወዳሉ። ሰማያዊው የሶማሌ ኢሳዎች፣ አረንጓዴው የአፋሮች፣ ነጩ የሰላም፣ ቀይ ኮከቡ የአንድነት ምልክት ነው።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ጉድጓዱን አስቆፈርኋቸው፤ ወንበሩ ላይ ቆሜ ደሴን ሳሰምር «መምህርት፣ ሙሳ ዓሊ ከእኛ ከፍ አይልም?» ብለው ተከራከሩኝ፤ ኮምቦልቻን በጥቂቱ እንደሚበልጣት፣ ደሴን ግን እንደማይደርስባት ራሳቸው በክንድ ለክተው አረጋገጡ። ያ የሾፌሩ ልጅ ደግሞ አዋሽ በየዓመቱ ወደ አቤ ከገባ ሐይቁ ለምን ሞልቶ አይፈስስም ሲል ጠየቀኝ። ጨው የሟሟበት ውሃ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ነገ ሲገቡ ውሃው ሄዶ ጨው ብቻ የቀረበትን ክዳን እርሱ ራሱ ለክፍሉ እንዲያሳይ አዘዝሁት።