ነገ ዲፌንስ (ጥናቴን ኮሚቴ ፊት ማቅረብ) አለኝ፣ የስበት ሞገዱ ጋዝ ውስጥ ሲገባ ኮዱ ያብዳል!

ሌሊት_ወፍ፦ ኧረ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አቀርባለሁ። የስበት ሞገድ (የቦታና የጊዜ መርገብገብ) በጋዝ ደመና ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳይ ሲሙሌሽን ነው። ስትሬይኑን (ሞገዱ ርቀትን በምን ያህል ክፍልፋይ እንደሚለውጥ) 10^-21 አድርጌዋለሁ፣ በ2015 እንደተገኘው የመጀመሪያው ሞገድ። ጋዙ ጋ እስኪደርስ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ሲገባ 10^-16 አካባቢ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ኖንሊኒየር ኤፌክት (ከሞገዱ መጠን ጋር እኩል በእኩል የማያድግ ውጤት) ነው ብዬ ስላይድ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ግን ግሪዱን (ኮዱ ቦታውን የሚከፋፍልበትን መረብ) ስቀይር ቅርጹም ይቀየራል።

ጥቁር_ቡና፦ ታይም ስቴፑን (ኮዱ በየስንት ጊዜው እንደሚያሰላ) በግማሽ ቀንሰው።

ጋሼ_ቀመር፦ ልጄ፣ ከኮዱ በፊት ፊዚክሱ ይቅደም። ጋዙ ቪስኮሲቲ (ውስጣዊ ሰበቃ) አለው? አልነገርከንም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በ1966 እንዳሳየው ቪስኮሲቲ ያለው ፈሳሽ ሞገዱን ያደክመዋል፣ ግን እጅግ በጥቂቱ። ለውሃ ብታሰላው ሞገዱ እስኪደክም ከ10^20 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ዩኒቨርስ ራሱ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። ይህም ቢሆን ሊኒየር ነው።

ተጠራጣሪው፦ ኖንሊኒየር ያልከው ራሱ አያስኬድም። ሁለተኛው ኦርደር (የመጀመሪያው ኖንሊኒየር ጭማሪ) ስትሬይኑ በራሱ ሲባዛ ነው፣ 10^-42 ገደማ። ያንተ ግን ከሞገዱ ከራሱ መቶ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ልጅ እናቱን ወለደ በለኛ!

ሌሊት_ወፍ፦ ደመናው በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያጎላዋል ብዬ እኮ ነው።

ጥቁር_ቡና፦ ታይም ስቴፑን ቀነስከው?

ሳቂታዋ፦ ለኮሚቴው ቆንጆ ቡና አፍላላቸው፣ ግራፉን አያዩትም 😂 ቀልዱን ትተን፣ ሜትሪኩን (የቦታና የጊዜን ርቀት የሚለካውን) 1 ሲደመር ስትሬይን ብለህ ነው የያዝከው አይደል? ደብል ፕሪሲዥን (የኮምፒውተሩ የተለመደ የቁጥር አያያዝ) የሚይዘው 16 አሃዝ ገደማ ነው። 1 ላይ 10^-21 ብትደምር ኮምፒውተሩ የሚመልስልህ ያንኑ 1 ነው። ሞገድህ ከመነሻው የለም ማለት ነው፣ ቀጥ ያለው መስመር ለዚህ ነው። ጋዙ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው የማጠጋጋት ስህተት ነው። ስትሬይኑን ለብቻው ቫሪያብል አድርገህ ያዘው። ከዚያ አንዴ በ0.01፣ አንዴ በ0.005 አስኪደው። ሊኒየሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ወደ ሩብ ከወረደ ኖንሊኒየር ነው፤ ካልወረደ ስላይዱን አጥፋው።

ሌሊት_ወፍ፦ ወይኔ፣ አዎ 1 ሲደመር ነው። ኳድ ፕሪሲዥን ባደርገውስ?

ሳቂታዋ፦ ኳድ 34 አሃዝ ገደማ ነው፣ 10^-42 ጋ አይደርስም። ያልኩህን አድርግ።

ጋሼ_ቀመር፦ ልክ ብላለች። ኖንሊኒየሩ የሚበረታው ብላክ ሆሎቹ ሲዋሃዱ እዚያው አጠገባቸው ነው፣ መንገድ ላይ ሞገዱ በጣም ደክሟል። ኮሚቴው ይህን መጠየቁ አይቀርም። የጋዙን ነገር ግን አሁንም አልመለስክልኝም።