ሰው ስለ ሴተኛ አዳሪዎች የሚያስበውን በመጠይቅ እንዴት ላውጣ?

ሶሲዮ_ማስተርስ፦
አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ወረዳ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ያለውን አመለካከት አጠናለሁ። በሙከራው ዙር ሁሉም ማለት ይቻላል «ያሳዝናሉ፣ ችግር ነው» ብሎ አለፈ። ታዲያ ምኑን ልለካ?

መጠይቅ_ሠሪ፦
«ያሳዝናሉ» ማለት ምንም አያስከፍልም። የሚያደርገውን ጠይቅ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፦ ቡና ጠጪ ብለህ ትጠራታለህ? ቤት ታከራያታለህ? እድራችሁ ብትመዘገብ ትስማማለህ? ወንድምህ ቢያገባትስ? «አዎ» ወደ «አይሆንም» የሚዞርበት ቦታ መለኪያህ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ወደ እሷ ስለሚሄደው ወንድ ደግሞ ያንኑ ጠይቅ። ብዙ መጠይቅ እሱን ጨርሶ ሳያነሳ «ኅብረተሰቡ ሴቷን ብቻ ይወቅሳል» ብሎ ይደመድማል። ሳይጠይቁ!

ምክንያቱን ለመለየት አንድ አጭር ታሪክ በሁለት መልክ ጻፍ። ዕድሜዋ፣ ሰፈሯና ገቢዋ አንድ ይሁን፤ የገባችበት መንገድ ብቻ ይለይ፦ በአንዱ በልጅነቷ ተድራ፣ ፈትታ ከገጠር የመጣች፤ በሌላው ደመወዝ አልበቃ ብሏት የገባች። ለግማሹ አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን በዕጣ ስጥ። ሁለቱንም የሰማ ሰው የምትፈልገውን መልስ ይገምታል።

ሰበር_ችሎት፦
የኪራዩ ጥያቄ ወጥመድ አለበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደር ደላላና ለዚሁ ሥራ ቤት የሚይዝ ይቀጣል፤ ሴቷም ገዢውም በዚህ አንቀጽ አይጠየቁም። «አላከራይም» ያለህ ሰው ንቆ ነው ወይስ ፖሊስ ፈርቶ? «የምትሠራው ሌላ ቦታ ነው፣ ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው» ብለህ ጨምር። «ሴቷ በሕግ ትቀጣለች ወይ?» የሚለውን ግን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ከፊት ከመጣ መላሹ ሁሉ ዳኛ ይሆንብሃል።

ሶሲዮ_ማስተርስ፦
ፆታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና ትምህርት ይዣለሁ። የቀረ አለ?

መስክ_ሠራተኛ፦
የትውልድ ቦታና አዲስ አበባ የገባበት ዓመት። ያለዕድሜ ጋብቻ በበዛበት ገጠር ያደገ ሰው፣ የፈታች ልጅ ወላጆቿ ቤት መመለስ ሲከብዳት ወደ ከተማ እንደምትወጣ ያውቃል። ማወቁ ከመፍረድ ላያስቀረው ይችላል፤ ይህን ነው መፈተሽ ያለብህ። ዕድሜን ደግሞ በዘፈቀደ በ10 ዓመት አትቁረጥ። የኤድስ ዘመቻ በበረታበት በ1990ዎቹ ወጣት የነበሩትን ለብቻ መድባቸው፤ በእነሱ ዘንድ የበሽታ ፍርሃትና የሥነ ምግባር ፍርድ ሊደባለቅ ይችላል።

ባልና ሚስትን አንድ ክፍል አትጠይቅ፤ አማት ካለችማ ጭራሽ። ስሱ ጥያቄዎችን ራሳቸው ሞልተው ፖስታ ውስጥ ያሽጉ። ማንበብ ለማይችል ጥያቄውን በድምፅ ቅዳና በጆሮ ማዳመጫ አሰማ፤ እሱ መልሱን ባለቀለም ካርድ ላይ ምልክት ያድርግ።