የ14 ዓመት ልጄ አላድግ አለ፤ የእድገት ሆርሞን እጥረት በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል?

የአቢ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 142 ሴንቲ ሜትር። ታናሽ እህቱ ደርሳበታለች፣ ድምፁም ገና አልጎረነነም። ክሊኒክ ወስጄው ጠዋት ደም ሰጠና "የእድገት ሆርሞኑ 0.3 ነው፣ እጥረት አለበት፣ መርፌ ይጀምር" ተባልን። መርፌው በየቀኑ ነው፣ ለዓመታት፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። አባቱ ግን "እኔም እስከ 12ኛ ክፍል አጭር ነበርኩ፣ የተመዘዝኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ልጁን ተዉት" ይላል። ማንን ልስማ?

የሕፃናት ሐኪም፦
በዚህ ቁጥር ብቻ መርፌ እንዳይጀምሩ! ይህ ሆርሞን ቀኑን ሙሉ እኩል አይመነጭም፤ በየተወሰነ ሰዓት ነው የሚለቀቀው፣ በብዛት ደግሞ ሌሊት ከባድ እንቅልፍ ላይ። ስለዚህ ጠዋት እንዲሁ የተቀዳ ደም ጤነኛ ልጅ ላይም ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ባለፈው ዓመት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ነው። ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት 5 አካባቢ ያድጋል። ከ4 በታች ከሆነ ያሳስበኛል፣ ምንም እንኳ ጉርምስናው የዘገየ ልጅ ከመመዘዙ በፊት ትንሽ ቢቀዘቅዝም። የአባቱ ታሪክም ትልቅ መረጃ ነው፣ በቤተሰብ የሚወረስ ዘግይቶ ማደግ አለ። ግን እሱ ብቻውን እጥረት የለም አያሰኝም።

ከዚያ የግራ እጅ ራጅ ይነሳ፣ የአጥንቱ ዕድሜ ይታያል። በሆርሞን እጥረትም ሆነ በዘግይቶ ማደግ አጥንት ወደኋላ ስለሚቀር ራጁ ብቻውን አይለያቸውም። ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ ደም ማነስ፣ የሴሊያክ (ስንዴ የሚያስነሳው የአንጀት ሕመም) ምርመራ ይታዩ፣ አይ ጂ ኤፍ ዋንም (በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ የሚመረት ሌላ ሆርሞን) ይለካ። እሱም ቢሆን ምግብ በደንብ በማይበላ ልጅ ዝቅ ይላል።

ሜሪላንድ ነኝ፦
እህቴ፣ የኔም ልጅ እንዲሁ ነበር። እውነተኛው ምርመራ ሆርሞኑን በመድኃኒት ቀስቅሶ መለካት ነው። ከምርመራው ሳምንት ቀደም ብሎ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ወጉት። በዕለቱ ቁርስ ሳይበላ ገባ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎለት ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ የክሎኒዲን ኪኒን ዋጠ፣ በየ30 ደቂቃው ደም ይቀዳል። የደም ግፊቱ ወርዶ እንቅልፍ ጣለው፣ ሲነሳ አዞረው፣ ብቻውን ሽንት ቤት እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ቀስቃሽ፣ አርጂኒን፣ በደም ሥር ሰጡት። በክሎኒዲኑ ምርመራ ሆርሞኑ በበቂ ስላልጨመረ ወደቀ፣ በአርጂኒኑ አለፈ። አንዱን ካለፈ እጥረት የለበትም አሉን፣ መርፌ ሳይወስድ ቀረ።

የሕፃናት ሐኪም፦
በትክክል። ጤነኛ ልጅም በአንዱ ሊወድቅ ስለሚችል ነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሚደረገው። የቴስቶስትሮኑ ነገር አይዘለል፤ ጉርምስናው የዘገየ ልጅ ያለ እሱ በሐሰት ሊወድቅ ይችላል። ማለፊያው ቁጥርም እንደየአገሩና እንደየላቦራቶሪው ይለያያል፤ ድሮ በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም ነበር፣ ዛሬ ብዙዎች 7 ይላሉ።

የአቢ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። የጤና ካርዱ ላይ አምና 137.5 ነበር። ስጠብቅ አጥንቱ ተዘግቶ ማደጉ ቢቆምብኝስ?

የሕፃናት ሐኪም፦
4.5 ጨምሯል፣ ደህና ነው። አጥንቱ 11 ወይም 12 ዓመት ላይ ከሆነ ገና ሰፊ ጊዜ አለ፣ ለዚህ ነው ራጁን መጀመሪያ የምለው። የሆርሞን ስፔሻሊስት ይየው፣ ከ6 ወር በኋላም ያለ ጫማ፣ ተረከዙ ግድግዳ ነክቶ በዚያው መለኪያ ይለካ። ራስ ምታት ከተደጋገመበት፣ እይታው ከቀነሰ፣ ወይም ውኃ እየጠማው ሌሊት ሽንት ካበዛ ግን 6 ወር አይጠብቁ። ያኔ የእድገት ሆርሞንን የሚያመነጨው፣ ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢው በኤምአርአይ በአስቸኳይ መታየት አለበት።