የቆየ የፓይዘን ፕሮጀክት ላይ ወጥ የኮድ አጻጻፍ እንዴት እናስገባ?

ፊደል ገበታ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የግዕዝ ፊደልን ወደ ላቲን የሚቀይር ክፍት ምንጭ የፓይዘን ላይብረሪ አለን። ኮዱን ብዙ ሰው ስለነካው መልኩ ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ነጠላ ጥቅስ ይጠቀማል፣ ሌላው ድርብ። መስመር የሚሰብሩበት ቦታም የተለያየ ነው። ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲመጣ ዋናው ለውጥ በስፔስ ለውጥ ይዋጣል። ሪቪው ላይ የምንከራከረው ስለ ሎጂኩ ሳይሆን ስለ ኮማ ሆኗል። አዳዲስ ልጆች በዚህ ተማርረው ሲሄዱ በጣም ያሳዝነኛል። ብላክን (የፓይዘን ኮድን አጻጻፍ ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ) ልናስገባ አስበናል፤ ግን የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪካችን እንዳይበላሽ፣ የተከፈቱት ፑል ሪኩዌስቶችም እንዳይጋጩ ሰግቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሌሊት ኮደር
ወንድሜ፣ በደንብ አስበሃል። የብላክ ትልቁ ጥቅሙ ምርጫ አለማብዛቱ ነው። የመስመር ርዝመቱ 88 ነው፤ እሱንም ባትነኩት ይሻላል። ሴቲንግ መቀያየር ከጀመራችሁ ክርክሩ ተመልሶ ይመጣል። ኮዱ ይበላሻል ብለህም አትስጋ። ብላክ ካስተካከለ በኋላ የፕሮግራሙ ትርጉም እንዳልተለወጠ ራሱ ያረጋግጣል። ጃንጎን (የፓይዘን ድረ ገጽ መሥሪያ) የሚያህል ፕሮጀክት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ፣ ብላክ ከቤታ (ከሙከራ ደረጃ) እንደወጣ፣ ኮዱን በሙሉ በእሱ አስተካክሏል።

ቀስ በቀስ
እኔ ሁሉንም በአንዴ መቀየር አልደግፍም። የተነካ ፋይል ብቻ እየተስተካከለ ቢሄድ አይሻልም? የማይነካ ፋይል ማንንም አያስቸግርም።

የጊት ሰው
ሐሳብህ ይገባኛል፤ ግን እንደዚያ ከሆነ ጠያቂው ያማረረበት ችግር ለወራት ይቀጥላል። እያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ትንሽ ባግ ፊክስና ትልቅ ፎርማት ተቀላቅለውበት ይመጣል። ፎርማቱ ብቻውን በአንድ ኮሚት (በአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ይግባ። ሌላ ምንም አትጨምሩበት።

ለታሪኩ መፍትሔ አለው። ከጊት ቨርዥን 2.23 ጀምሮ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የቀየረውን ኮሚት የሚያሳየው ትእዛዝ) የምትነግረውን ኮሚት መዝለል ይችላል። የኮሚቱን ሃሽ (መለያውን) በአንድ ፋይል ጻፉና ፋይሉን በጊት ኮንፊግ አስታውቁ። ጊትሃብም ፋይሉ በትክክለኛው ስም ዋናው ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ያነበዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስኳሽ አድርጋችሁ (ኮሚቶቹን ወደ አንድ ጠቅልላችሁ) ሜርጅ ካደረጋችሁ (ከዋናው ኮድ ጋር ካዋሃዳችሁ) ሃሹ ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሜርጅ አድርጉ። ከዚያ ሃሹን ከዋናው ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) ወስዳችሁ በሌላ ኮሚት ጻፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፊደል ገበታ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። የፊደል ሰንጠረዣችንስ? ሰባቱን ቤቶች በእጅ አሰልፈን ነው የጻፍናቸው። ከሀ እስከ ሆ አንድ መስመር፣ ከለ እስከ ሎ ቀጣዩ። ስህተት የሚታየን በዚያ አሰላለፍ ነው።

ሌሊት ኮደር
እሱን በፍጹም እንዳታስነካው! ብላክ ስፔሱን ያጠብበዋል። ረድፉ መጨረሻ ላይ ኮማ ካለ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ መስመር ይዘረግፈዋል። ከሰንጠረዡ በላይ «ኤፍኤምቲ ኦፍ»፣ ከበታቹ «ኤፍኤምቲ ኦን» የሚለውን ኮመንት አስገባ፤ ብላክ በመካከላቸው ያለውን አይነካም። ለሰንጠረዥ ብቻ እንጂ ለሌላ ኮድ ግን አትፍቀዱ።

የጊት ሰው
ወደተከፈቱት ፑል ሪኩዌስቶች ልመለስ። ያለቁትን ከፎርማቱ በፊት አስገቡ። የቀሩት ባለቤቶች እንዲህ ያድርጉ፦ መጀመሪያ ከፎርማቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ኮሚት ወደ ብራንቻቸው ሜርጅ ያድርጉ። ከዚያ ለፎርማቱ በተጠቀማችሁበት በዚያው የብላክ ቨርዥን ብራንቻቸውን ያስተካክሉና ኮሚት ያድርጉ። በመጨረሻ የፎርማቱን ኮሚት፣ ግጭት ሲኖር የራሳቸውን ኮድ እንዲይዝ አዘው፣ ሜርጅ ያድርጉ። ይህ ትእዛዝ ለዚያ አንድ ኮሚት ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ ለመጡት ከተጠቀሙበት የሌላ ሰው ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ቀስ በቀስ
እንዲህ ከሆነስ አሳምናችሁኛል። እኔ የምጨምረው፣ የብላክን ቨርዥን ቆልፉት። ስታይሉ በየዓመቱ መጀመሪያ ትንሽ ሊለወጥ ስለሚችል የአንዱ ኮምፒውተር ከሌላው እንዳይለያይ። ፕሪኮሚትም (ኮሚት ከመደረጉ በፊት ኮዱን የሚፈትሸው) ሲአይም (ኮድ ሲላክ በራሱ የሚፈትሸው ሥርዓት) ላይ ያው ቨርዥን ይሁን። ሲአይ ላይ ማረጋገጫው ብቻ ይሂድ፣ ራሱ ኮድ እየቀየረ ኮሚት አያድርግ። ለአዲስ ኮድ አበርካቾች ደግሞ ፕሪኮሚት እንዴት እንደሚጫን መመሪያው መጀመሪያ ላይ ጻፉላቸው።

ፊደል ገበታ (ጠያቂ)
ተባረኩ። ዛሬ ለቡድኑ አሳውቃለሁ። የተከፈቱትን ጨርሰን ቅዳሜ ማታ፣ ሰው በማይሠራበት ሰዓት፣ ፎርማቱን እናስገባለን።