ሕመሙ ሳይለቀኝ፣ በየዕለቱ የሚያጋጥሙኝን ሰዎች የጸሎቴ መልስ ብዬ ልቁጠራቸው?

ጠያቂ፦ የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በምንለው ጠባብ መንገድ ላይ ልብስ በመስፋት የምተዳደር የ54 ዓመት ሰው ነኝ። አካባቢውን ለማታውቁት፣ መንገዱ ይህን ስም ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ጨርቅ ሻጩና ሰፊው ጎን ለጎን ስለሚውሉ፣ ሰው ጨርቁን ከአንዱ ገዝቶ ሌላው ዘንድ ቆሞ ያሰፋል። እኔም ለ26 ዓመታት ቀኝ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ እዚያው ተቀምጫለሁ።

ወገቤን ማመም የጀመረኝ የዛሬ 7 ዓመት ነው። መጀመሪያ የድካም ያህል ነበር። ቆይቶ ግን ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ዳሌዬና በጭኔ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ፣ አንዳንዴ እንደ እሳት የሚለበልብ፣ አንዳንዴ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ሆነ። በኤምአርአይ ሲታይ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ እንደ ተጫነ ተነገረኝ። መድኃኒት ወስጃለሁ፣ ጸበል ተጠምቄአለሁ። በደኅናው ዘመን በእግሬ እሄድበት ወደነበረው ቁልቢ ገብርኤልም በመኪና ሄጄ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ከምእመናኑ መካከል ቆሜ ተስያለሁ። ሕመሙ ይቀንስና ይመለሳል እንጂ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ረፋድ ላይ የክር ጥቅል ከእጄ አመለጠኝ። ጫፉን መርፌው ውስጥ አስገብቼው ስለነበር ክሩ ከእኔ ዘንድ ቀረ፤ ጥቅሉ ግን እየተተረተረ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ቁልቁል ተንከባለለ። ጎንበስ ብዬ ልይዘው ስል ሕመሙ ቀስፎ ያዘኝ፤ የመኪናውን ጠረጴዛ እንደ ጨበጥኩ መቀመጥም መነሣትም አቃተኝ። በዚያ ሰዓት ከቁርኣን ቤት የሚመለስ፣ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ የእንጨት ሰሌዳውን በብብቱ እንደያዘ ሮጦ ጥቅሉን አገኘው። ጥቅሉን ብቻ አንሥቶ ቢያመጣልኝ ኖሮ ክሩ ተወሳስቦ በተበላሸ ነበር። ልጁ ግን እዚያው ቆመና፣ አላፊ አግዳሚው ክሩን እንዳይረግጠው እየጠበቀ፣ ቀስ እያለ እየጠቀለለ ዳገቱን ወደ እኔ ወጣ። አልቸኮለም። አጠገቤ ሲደርስ የእኔም ትንፋሽ ተመልሶልኝ ነበር። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝና «አብሽር አባባ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ልብ ማለት ጀመርኩ። ሳልጠይቀው የጨርቁን ጣቃ የሚያነሣልኝ ጎረቤቴ አለ፤ ቡናውን ጎንበስ ብዬ እንዳልቀበል ከፍ አድርጋ የምታስቀምጥልኝ ሴትም አለች። ማታ ስጸልይም «ፈውሰኝ» ከማለቴ በፊት እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሣሁ አመሰግናለሁ። እምነቴ ከበፊቱ የጸናልኝ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ፈውስ ለምኜ ሰው ሲሰጠኝ ይህን መልስ ብዬ መቀበሌ ልክ ነው ወይስ ተስፋ ቆርጬ ራሴን እያጽናናሁ ነው? አንዲት የቅርብ ዘመዴ «እምነትህ ቢጎድል ነው እንጂ ትድን ነበር፤ ጸበል ስትጠመቅ መድኃኒቱን ተወው» ብላኛለች፤ ነገሩ ከሕመሙ ይልቅ ቆርጥሞኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ በእምነቱ ጉዳይ ከእኔ የሚሻሉ ይመልሱልዎታል፤ እኔ በማውቀው ልጀምር። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል፤ ጠባዩም እንደ ድንገተኛ ሕመም አይደለም። ድንገተኛው ሕመም «ተጎድተሃል፣ ተጠንቀቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ለዓመታት የቆየው ግን የጉዳቱ መጠን ባይጨምርም እንኳ የነርቭ ሥርዓታችን ራሱ ንቁ ሆኖ ስለሚቀር፣ ቀድሞ የማያመው ነገር ሁሉ ማመም ይጀምራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ብቸኝነት ያባብሱታል። ስለዚህ «እምነትህ ቢጎድል ነው» የተባሉት ቃል ልብዎን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ሊነካው እንደሚችል ይወቁ፤ በአንጻሩ የዚያ ልጅ እርጋታ ትንፋሽዎን መለሰልኝ ማለትዎ እኔን ፈጽሞ አያስደንቀኝም።

ሥራዎን በተመለከተ፣ አንድ እግር ፔዳል ላይ አድርጎ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ረጅም ሰዓት መቀመጥ በወገብ ዲስክ ላይ ጫና ያበዛል። ግማሽ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ተነሥተው ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። አቅም ከፈቀደ መኪናው ላይ ሞተር ያስገጥሙ። ሕመሙ ሲነሣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻውን ያደክመዋልና፣ በሚችሉት መጠን መንቀሳቀሱ ይሻላል።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ አሳስብዎታለሁ። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹን በባዶ ሆድ መውሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ይህን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። እንዲሁም በእግሮችዎ መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ ወይም እግርዎ ድንገት ከዛለ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ያ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

መልስ 2፦ የመጋላ እናት (ድሬዳዋ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። አላህ ያሽርዎት። እኔ በመገጣጠሚያ ብግነት ከተያዝኩ 11 ዓመቴ ነው። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ እንደ ደረቀ እንጨት ሆነው ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የዘይት ጠርሙስ ክዳን የሚከፍትልኝ ሰው እስኪገኝ ወጥ ሳልሠራ የጠበቅኩበት ቀን ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ሶላቴን የምሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ሃይማኖታችን ለታመመ ሰው ይህን ፈቅዷል። መጀመሪያ ሰሞን ግንባሬ መሬት ባለመንካቱ አለቅስ ነበር፤ ዛሬ አላለቅስም።

በእኛ ዘንድ ሙእሚንን የሚነካው ድካምም ሆነ ሕመም፣ የሚወጋው እሾኽ እንኳ ሳይቀር ኃጢአት የሚታበስበት እንደሆነ ነቢያችን አስተምረውናል። ስለዚህ ሕመም የእምነት ጉድለት ማስረጃ ነው የሚለውን የዘመድዎን አባባል በእኛም በኩል ቢሆን አልቀበለውም። ነቢዩ አዩብ የተመሰገኑት ሳይታመሙ ቀርተው አይደለም።

ነገር ግን በአንድ ነገር ላይ ሐሳብዎን ላርምዎ፤ በፍቅር ነው። ያን ልጅ ለእርስዎ እንደ ተላከ ብቻ አድርገው አይዩት። ልጁ የራሱ መንገድ ነበረው፣ ቤቱ ምሳው እየጠበቀው ይሆናል፣ እንዲያም ሆኖ ክሩን ለመጠቅለል የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። ነቢያችን «ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም» ብለዋል። ማታ በጸሎትዎ ማንሣትዎ መልካም ነው፤ ግን ልጁ ራሱ ምስጋናዎን በጆሮው ሰምቷል? እኔ ጠርሙሱን የምትከፍትልኝን ጎረቤቴን ለዓመታት ለአላህ ብቻ እየነገርኩ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ለራሷ ስነግራት ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

«አብሽር» ስላለዎት ቃልም አንድ ነገር ልበል። እኛ ድሬም ሐረርም አይዞህ ለማለት እናዘወትረዋለን። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መልካም ወሬ እነሆ፣ ደስ ይበልህ እንደ ማለት ነው። እናንተ «ብሥራት» ከምትሉት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። የቡናዋም ሴት፣ ጎረቤትዎም፣ ልጁም በየፊናቸው ያደረሱዎት ይህንኑ ይመስለኛል።

መልስ 3፦ ከሳቢያን (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን ዝም ብል ለራሴ አልታመንም። ከ4 ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ዳሌዬ ተሰብሮ አጥንቱ ገጥሟል፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። 29 ዓመቴ ነው። አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው አልጋ ላይ ነው። እርስዎ መንገድ ዳር ስለሚውሉ ክር የሚጠቀልል ልጅ ያልፍብዎታል፤ በእኔ መስኮት በኩል ግን የቆራሌው ጥሪ ነው የሚያልፈው። ግንቦትና ሰኔ ላይ መብራት ሲጠፋና ቬንትሌተሩ ሲቆም፣ ሌሊቱን ሕመሙና ሙቀቱ ተባብረው ሲያድሩብኝ፣ የሱብሂ አዛን እስኪሰማ ደቂቃ እቆጥራለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አይመጣም።

ጓደኞቼ መጀመሪያ ሰሞን ይመላለሱ ነበር፤ ሕመሜ ማብቂያ ሲያጣ እነርሱም የሚሉት ጠፋቸው። የሚመጡትም «ፊትህ እኮ ደኅና ነው» ብለው ይሄዳሉ። እምነቴ በሚያጋጥሙኝ ሰዎች ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይኖረኝም ነበር። ሰው ያጣ በሽተኛ በምን ይጽና? ይህን የምጠይቀው እርስዎን ለመቃወም አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው።

መልስ 4፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ (ሐረር)

ለጠያቂው አባታችን በመድኃኒቱ ነገር አጭር መልስ እሰጣለሁ። መድኃኒት መተው የእምነት ምልክት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። በጾሙም ቢሆን ለሕሙማን ሥርዓት አለና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በቅዳሴ መቆም ሲያቅትዎም ይቀመጡ።

ከሳቢያን ለጻፍከው ወንድሜ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ጥያቄህ ከባድ ነውና። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት የምናስበው 38 ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ የኖረውን ሰው ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎን» አላለም፤ «ሰው የለኝም» አለ። ለብዙ ዓመታት ይህን ስሰብክ እንደ ምሬት እቆጥረው ነበር። አሁን አሁን ግን በውስጡ የነበረውን እውነት ሳይሸሽግ ያወጣበት ቃል እንደሆነ ይሰማኛል፤ ጌታም ስለዚህ ቃል አልገሠጸውም። አንተም ዛሬ የጻፍከው ይህንኑ ነው። «በምን ልጽና?» ላልከኝ የተሟላ መልስ የለኝም። ነገር ግን ጥፋቱ የአንተ እምነት ሳይሆን የእኛ አለመምጣት መሆኑን በግልጽ ልነግርህ እወዳለሁ። ሕሙማንን መጠየቅ በጌታ አፍ የታዘዘ ነው፤ እኛ ደግሞ ሕመሙ ወር ካለፈው ሰውዬውን እንረሳዋለን። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ መናገር ከመጀመራቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ጠያቂው፦ የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ (ሐረር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድኃኒቱን አልተውም፤ ለዘመዴም የሲራክን ምዕራፍ አንብቤላታለሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ።

የመጋላዋ እኅቴ፣ ያሉኝ ነገር እውነት ነው። ልጁ በዚያች መንገድ በየቀኑ ስለሚያልፍ ትናንት ጠራሁትና በዚያ ቀን ምን ያህል እንደረዳኝ ነገርኩት። ነገሩን ጨርሶ አያስታውሰውም። አሳዝኖኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ለእርሱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ደስ አለኝ። የሰሌዳው ማንጠልጠያ ተበጥሶ ስላየሁ ከጠንካራ ጨርቅ ሰፍቼ ሰጠሁት።

አንተ የሳቢያኑ ልጄ፣ ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ይህኛው ግን ከሕመሙ የተነሣ አልነበረም። መንገድ ዳር መዋሌን እንደ ጸጋ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎ ጠመዝማዛ ለወገቤ ከባድ ነው፤ የፊት ወንበር ካገኘሁና መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወርጄ ከተንቀሳቀስኩ ግን እችለዋለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ከቤትህ ልመጣ አስቤአለሁ፤ ፈቃድህ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ከዲስኩና ከነርቩ ወሬ በስተቀር ብዙ የማወራው የለኝም፤ ዝም ብለን ብንቀመጥም እኔ አይከብደኝም።

ዳሌው የተሰበረ ሰው ጠባብ ሱሪና ጠንካራ ቀበቶ እንደሚጎዳው በደንበኞቼ አይቻለሁ። ለድሬ ሙቀት የሚሆን ስስ የጥጥ ጨርቅ አለኝ፤ ወገቡን በገመድ የሚጠበቅና የሚላላ፣ በዳሌው በኩል ስፌት የማያርፍበት አድርጌ እሰፋልሃለሁ። የቁመትህንና የወገብህን ልክ እስከ ሐሙስ ላክልኝ።