ኢንተርፌሱ ሳይወርድ የኦኤስፒኤፍ ጎረቤት ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ
ሁለት የሲስኮ ራውተሮች በስዊች በኩል ተገናኝተው በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ጎረቤት ሆነዋል። የራውተር 2 ገመድ ሲነቀል ራውተር 1 ላይ ኢንተርፌሱ «አፕ/አፕ» እንዳለ ይቆያል፤ ጎረቤቱ የሚወድቀው 40 ሰከንድ ሊሞላ ሲል ነው። አንዳንዴ ደግሞ ገመድ ማንም ሳይነካ ወርዶ ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ከሎጉ። ጎረቤት ሲወድቅ በሚጻፈው መስመር መጨረሻ ላይ ምክንያቱ አለ። «ኢንተርፌስ ዳውን» ካለ ገመዱን፣ ኤስኤፍፒውን (ገመዱ የሚሰካበትን ሞጁል) ወይም ፖርቱን ፈትሽ። «ዴድ ታይመር ኤክስፓየርድ» ካለ ሊንኩ አለ፣ ሄሎው (ራውተሮች «አለሁ» የሚባባሉበት አጭር መልእክት) ነው የቀረው። «ቱ ሜኒ ሪትራንስሚሽንስ» ከሆነ ኤምቲዩው (የሚያልፈው ትልቁ ፓኬት መጠን) በሁለቱ ወገን እንደማይመሳሰል ጠርጥር፤ ሄሎ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፣ ጎረቤቱ ግን ኤክስስታርት (የመረጃ ልውውጡ የሚጀመርበት ደረጃ) ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የ40 ሰከንዱ ነገር ብልሽት አይደለም። ራውተር 1 የሚያየው የስዊቹን ሲግናል እንጂ የራውተር 2ን አይደለም። ሄሎ በየ10 ሰከንዱ ይላካል፣ ዴድ ታይመሩ (ሄሎ ሲቀር የሚጠበቅበት ጊዜ) 40 ነው፤ ቆጠራው ከመጨረሻው ሄሎ ስለሚጀምር ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ትጠብቃለህ።

መልስ 2
ለዚህ ቢኤፍዲ (መቋረጥን በፍጥነት የሚያውቅ ፕሮቶኮል) ነው መድኃኒቱ። በሁለቱም ኢንተርፌስ ላይ የመላኪያ ጊዜውን 300 ሚሊሰከንድ፣ መልቲፕላየሩን (ስንት መልእክት በተከታታይ ሲቀር ወደቀ እንደሚባል) 3 አድርግ፤ መቋረጡ በ900 ሚሊሰከንድ ይታወቃል። ኦኤስፒኤፉ ውስጥም ማብራት አለብህ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሲፒዩው ደካማ ከሆነ ወደ 50 ሚሊሰከንድ አታውርደው፣ በሐሰት ይጥልሃል። ዳምፕኒንግ ደግሞ እዚህ አይረዳም፤ እሱ የሚቀጣው በእርግጥ የሚወርድ የሚወጣ ኢንተርፌስን ነው።

መልስ 3
ለሁለተኛው ችግር፣ ማንም ሳይነካው ወርዶ ለሚመለሰው፦ ሲወድቅ ቶሎ ብለህ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር»ን (የጎረቤቶችን ዝርዝር የሚያሳየውን ትዕዛዝ) በሁለቱም ላይ እይ። አንዱ «ኢኒት» ካለና ሌላው ባዶ ከሆነ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተቋርጧል። «ኢኒት» የሚለው ይሰማል፤ የላከው ግን አይደርስለትም።

ጠያቂው
ራውተር 1 «ኢኒት» ነው፣ ራውተር 2 ባዶ። ሲአርሲ (የተበላሹ ፍሬሞች ቆጣሪ) ግን በሁለቱም ዜሮ።

መልስ 3
የተሳሳተ ቦታ ነው ያየኸው። ከራውተር 1 የተበላሸ ፍሬም ቢወጣ ስዊቹ እዚያው ይጥለዋል፣ ራውተር 2 ጋ አይደርስም። ቆጣሪውን በስዊቹ ላይ፣ ወደ ራውተር 1 በሚያይ ፖርት ፈልገው፤ አጽዳና 5 ደቂቃ ቆይተህ ተመልከት። እየጨመረ ከሆነ ፓች ገመዱን ቀይር። እሱም ዜሮ ከሆነ ልክ «ኢኒት» እያለ ከራውተር 1 ወደ ራውተር 2 ፒንግ አድርግ። ፒንጉ ካለፈ የሚጠፋው መልቲካስቱ (ለቡድን የሚላከው)፣ ማለትም ወደ 224.0.0.5 የሚሄደው ሄሎ ነው፤ የዚያኑ የስዊች ፖርት ስቶርም ኮንትሮል (ከመጠን ያለፈ ትራፊክ የሚያግድ ቅንብር) ገደብ አረጋግጥ።